ከደንገጎ ወደ ድሬ ሲወረድ ኤግዞስት ብሬክንና ማርሽን እንዴት ማጣጣም ይቻላል?

ጠያቂ፦ የሳቢያን ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ከውጭ አገር ለእረፍት ለሚመጣው ወንድሜና ለልጆቹ ብዬ አንድ ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር ገዝቼ፣ የጭነት አካሉን አስወርጄ፣ በምትኩ አልጋ፣ ምድጃና 300 ሊትር የሚይዝ የውኃ ታንከር ያለው የመኖሪያ ሳጥን አሠርቼበታለሁ። ዕቃና ሰው ሲገባበት ወደ 6 ቶን ይጠጋል፤ ማርሹ በእጅ የሚቀያየር ነው።

ባለፈው እሑድ ከሐረር ተነሥተን በአወዳይና በሐረማያ በኩል ደንገጎ እስክንደርስ ምንም አልገጠመንም። ቁልቁለቱን ግን በአራተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሣ ስወርድ ቆይቼ፣ መንገዱን ካጋመስኩ በኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ፤ ፔዳሉም ከወትሮው ጠልቆ መውረድ ጀመረ። ዳር ይዤ ቆሜ ልጆቹን አወረድኩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ካቀዘቀዝኩት በኋላ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ከተማ ገባሁ።

ከመሪው ሥር ኤግዞስት ብሬክ የምታበራ እጀታ እንዳለች አውቃለሁ፤ መኪናውን የሸጠልኝ ሰው ግን ሞተር ስለሚጎዳ እንዳልነካት ስላስጠነቀቀኝ አንድ ቀንም ሞክሬያት አላውቅም። እውነት ይጎዳል? ካልጎዳ በየትኛው ማርሽና በምን ያህል የሞተር ዙር ልጠቀምበት? የእግር ፍሬኑስ ሥራው የት ላይ ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የጅቡቲ መንገድ ጡረተኛ

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፋችሁ። የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይወድ አውቃለሁና በአንተ እቀጥላለሁ።

የሸጠልህ ሰው ተሳስቷል። ኤግዞስት ብሬክ ማለት በጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ የተገጠመ፣ ሲበራ ቧንቧውን የሚዘጋ ክዳን ነው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ከኋላ ይከማቻል፤ ፒስተኖቹም ጭሱን ለማስወጣት ሽቅብ በሄዱ ቁጥር ያንን ግፊት መታገል ስላለባቸው ሞተሩ ጎማዎቹን ወደ ኋላ ይይዛቸዋል። ፋብሪካው ለሞተሩ መጥኖ የሠራው ስለሆነ በአግባቡ ከተጠቀሙበት አይጎዳም። የቤንዚን መኪና እግር ከነዳጁ ሲነሣ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ሞተሩ ብቻውን ጥሩ ይይዛል፤ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን እንደ ልቡ ስለሚስብ ያለዚህ ክዳን አያያዙ ደካማ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳይህ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደንገጎ ላይ መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። 6 ቶን ክብደት 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 140 ሊትር ያህል የቧንቧ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ጎማና ነፋስ ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይቀበለዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራህ ይቀበለዋል፤ ሌላ መሄጃ የለውም። አንተ እሑድ ዕለት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለሸራው ሰጥተኸው ነበር። በነገራችን ላይ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ደርሶ ወደ ሐረር ያልወጣው ይህንኑ ተራራ ፈርቶ ነው፤ ከተማችንም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ማርሹ። በእኛ ዘመን ሽቅብ በወጣህበት ማርሽ ቁልቁል ትወርዳለህ ይባል ነበር፤ ለአሮጌዎቹ ሞተሮች ትክክል ነበር። ዛሬ ቱርቦ ያለው ሞተር ዳገቱን በአራተኛ ስለሚወጣ ያ ልኬት አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ለአንተ መኪና ከጭነቱ ጋር ሦስተኛ፣ በጠመዝማዛዎቹና በጣም በሚያዘቀዝቅበት ቦታ ሁለተኛ ይስማማል ባይ ነኝ። ዋናው ነገር ማርሹን የምትይዘው ደንገጎ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መኪናው ገና በእጅህ ሳለ መሆኑ ነው። መሐል ላይ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ኤግዞስት ብሬኩ ወዲያው ይለቃል፣ ሞተሩም ከጎማው ይለያያል፤ የታችኛው ማርሽ አልገባ ቢልህ ያለህ ያው የጋለው ፍሬን ብቻ ነው።

ኤግዞስት ብሬክ ጉልበቱ ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ ይጨምራል። ዙሩ በደቂቃ 1,200 ላይ ሆኖ አይይዝም ብለህ አትፍረድበት፤ ጩኸቱን ሳትፈራ ከፍ ባለ ዙር፣ ሆኖም በዙር መለኪያው ላይ ካለው ቀይ መስመር በታች አቆየው። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ምክንያት አለኝ፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳይዞር ነዳጁ ይገደብለታል፣ ቁልቁለት ላይ ግን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ ማንም አይገድበውም። ቀዩን ካለፈ ቫልቭና ፒስተን እስከ መጋጨት ሊደርሱ ይችላሉ። የእግር ፍሬኑ ሥራ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ልትወርድበት የወሰንከው ፍጥነት 35 ከሆነ፣ መርፌው 35 ሲነካ ጠበቅ አድርገህ ትረግጥና ወደ 27 ሲወርድ እግርህን ፈጽመህ ታነሣለህ። ሞተሩ ይዞት ቀስ እያለ እንደገና 35 እስኪደርስ ሸራው ይተነፍሳል። ለስለስ አድርጎ ያለማቋረጥ መርገጥ ለተሳፋሪ ይመቻል፣ ታምቡሩን (ሸራው የሚይዘውን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት) ግን የሚያግለው እርሱ ነው፤ የጋለ ታምቡር ደግሞ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፣ ያኔ ፔዳሉ ይጠልቃል።

መልስ 2፦ መካኒክ፣ ሸዋ በር (ሐረር)

ጋሼ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከጋራዥ በኩል ያለውን ልጨምር።

ፔዳሉ የጠለቀው ታምቡሩ በመስፋቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ በሚፈላበት ጊዜ የሚፈጠረው እንፋሎት እንደ ዘይት ስለማይገፋ እግርዎ ባዶ ይረግጣል። መኪናው ያገለገለ ስለሆነና ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ስለማይታወቅ፣ ሁለተኛ ጉዞ ከማሰብዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩት፤ የአራቱንም ጎማ ሸራ አስከፍተው ይዩ።

የኤግዞስት ብሬኩ ክዳን ለብዙ ጊዜ ካልተነካ በጥቀርሻ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን የሚስበው ቫኩም፣ ማለትም አየሩ የተመጠጠ ቱቦ የሚፈጥረው ስበት ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ ሰሌዳው ላይ መብራቱ ይበራል፣ ክዳኑ ግን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ መብራቱን ብቻ አይተው አይመኑ። ሞተሩን አሥነሥተው እጀታዋን ሲያበሩ አንድ ሰው ከሥር ሆኖ ዘንጉ መንቀሳቀሱን ይመልከትልዎ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይም ቢሆን በየቀኑ አንድ ሁለት ጊዜ ይጠቀሙበት፤ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው መሥራቱ ነው።

የእግር ፍሬኑን የሚያግዘውም ያው ቫኩም ሲሆን የሚመጣው ከሞተሩ ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት አጋዡንም ማጥፋት ነው። በዝናብ ጊዜም ይጠንቀቁ፤ ኤግዞስት ብሬክ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ፣ አስፋልቱ ሲያንሸራትት በዝቅተኛ ማርሽ ድንገት ቢያበሩት ኋላው ሊሸሽ ይችላል። የጋለ ታምቡር ላይም ውኃ አያፍሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ሌላው የውኃ ታንከሩ ነው። 300 ሊትር ማለት 300 ኪሎ ነው። ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ይህን ሁሉ ይዞ ደንገጎን የሚወርድበት ምክንያት አይታየኝም፤ ሐረር ላይ ለዛፍ ያጠጡት።

መልስ 3፦ ገንደ ቆሬ

እኔ ግን ነዳጅ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ቀጥ ባለው ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ እያደረግሁ ለዓመታት ወርጃለሁ፤ ምንም አልሆንኩም። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተር እያስጮኹ መውረድ ናፍጣ መጨረስ ነው።

መልስ 4፦ የጅቡቲ መንገድ ጡረተኛ

ወንድሜ ገንደ ቆሬ፣ ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሣ፣ ሞተሩን ጎማው ስለሚያዞረው ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ ጩኸቱ የአየርና የብረት እንጂ የነዳጅ አይደለም። ዜሮ ስታደርገው ግን ሞተሩ ራሱን ለማቆየት ነዳጅ መጠጣት ይቀጥላል። እየቆጠብክ መስሎህ እየከፈልክ ነው፤ መያዣህንም አብረህ ጥለሃል።

ፍሬን የማይከዳው ሰው የለም። ክሌሲ ከሚንስ የሚባለው አሜሪካዊ የናፍጣ ሞተር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1931 በካሊፎርኒያ የካሆንን ቁልቁለት በጭነት መኪና ሲወርድ ፍሬኑ ከድቶት፣ ከታች ሲያልፍ ከነበረ የዕቃ ባቡር ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተርፏል። በትልልቆቹ ተሳቢዎች ላይ የምንሰማው ያ የሚንኳኳው የሞተር ፍሬን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ የበቃው፣ የእርሱ ፈጠራ ነው። አሠራሩ ከአይሱዙው የተለየ ነው፤ የታመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ሳይገፋ ቫልቭ ከፍቶ ያስወጣዋል።

መልስ 5፦ ቀዚራ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እጀታውን ዲ ላይ ትቶ ኤግዞስት ብሬክ ማብራት በብዙ መኪና ላይ ግማሽ ሥራ ነው፤ ካምቢዮው ራሱ ማርሽ የማይቀንስ ከሆነ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚቆይ አይይዝም። አንዳንዱ ብሬኩ ሲበራ በራሱ ወደ ታች ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ግን የማርሹን ጣሪያ በእጅ እንድትወስኑለት ይጠብቃል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሜዳ ላይ ሞክሩት፤ ደንገጎ መማሪያ ቦታ አይደለም።

ጠያቂ፦ የሳቢያን ነዋሪ

ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መካኒኩ እንዳለው ሆኖ አገኘሁት፤ መብራቱ ይበራል፣ ክዳኑ ግን አይንቀሳቀስም፣ የቫኩሙ ቱቦ ከጫፉ ተሰንጥቆ ነበር። ቱቦውንና የፍሬን ዘይቱን አስቀይሬ፣ ክዳኑንም አስጠርጌ፣ ትናንት ታንከሩን ባዶ አድርጌ ብቻዬን ወረድኩ። ደንገጎ ላይ ሦስተኛ አስገባሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ አስቀድሜ ቆም ብዬ ወደ ሁለተኛ ዝቅ አልኩ። መንገዱን ሁሉ ፍሬን የረገጥኩት 14 ጊዜ ነው። ከኋላዬ ጫት የጫኑት ሁሉ ጡሩንባ እየነፉ አለፉኝ፤ ይለፉ።

ታች ደርሼ እጄን ወደየጎማው ጠጋ ሳደርግ ሦስቱ ለብ ያሉ ሲሆኑ የፊተኛው ቀኝ ግን ለብቻው የጋለ ነበር። ምናልባት ሳይረገጥም የሚይዝ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ሐሙስ ሸዋ በር ድረስ አመጣዋለሁ፤ መካኒኩ ወንድሜ ከተመቸህ ጠዋት ጠብቀኝ።