ኳስ ተጫዋቿ ሎዛ አበራ ከየት ተነስታ ነው አሜሪካ ድረስ የደረሰችው?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ታናሽ እህቴ 14 ዓመቷ ነው አጥቂ ነኝ ትላለች፣ የኔን ሰፊ ታኬታ ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅጥቃ በዛ ውርጭ በጠዋት ውልቅ ነው፣ እማዬ ደግሞ ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ እያለች ትቆጣለች። የሎዛን ነገር የምታውቁ ጻፉልኝ እስቲ ላንብብላት

ኳስ በደሜ፦
ከዱራሜ ነው የተነሳችው ከምባታ፣ የአዲስ አበባ ልጅ የሚመስላቸው አሉ። ሀዋሳ ተጫወተች ከዛ ደደቢት፣ እዛ ጎሉን አዘነበችው። ቀጥሎ ስዊድን ኩንግስባካ፣ በፈረንጆቹ 2019 ደግሞ ማልታ ቢርኪርካራ ገብታ በአንድ ሲዝን 30 ጎል ከነዋንጫው!! ተመልሳ የንግድ ባንክ ቡድን ከዛ 2024 ላይ አሜሪካ ዲሲ ፓወር የሚባል ክለብ

መንዜው፦
ማልታን አታካብዱት ባካችሁ ሊጉ ትንሽ ነው። እኔን የሚገርመኝ አውሮፓ ደርሳ አገሯ ከተመለሰች በኋላ እንደገና መውጣቷ ነው፣ ስንቱ አንዴ ከተመለሰ እዚሁ አይደል የሚቀረው

ኳስ በደሜ፦
ትንሽም ይሁን 30 ጎል አንተ ፕሌይስቴሽን ላይም አታገባም 😂

የጠባሴ ልጅ፦
አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰምታ ሰምታ "በዶላር ነው የሚከፍሏት?" አለች 😂😂

መንዜው፦
ወንድሜ መጀመሪያ ለልጅቷ በልኳ ታኬታ ግዛላት፣ ሰፊ ጫማ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። እኔን ከሜዳ ያስቀረኝ እሱ ነው