የግራፊን ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ እርዳታ እፈልጋለሁ

ባሕር ዳር ሆኜ ጨውን ከውኃ የሚለይ ባለ አንድ ንብርብር የግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ሽፋን) ወንፊት ለመሥራት እየሞከርሁ ነው፤ ለጣና ውኃ ሳይሆን ለጨዋማ የጉድጓድ ውኃ የታሰበ ነው። መዳብ ላይ የበቀለውን ግራፊን ወደ ሲሊከን ናይትራይድ መደገፊያ አዛውሬ በኦክስጅን ፕላዝማ (አቶሞቹ ኤሌክትሮን ባጡ ጋዝ) እበሳዋለሁ። በውኃ የተከበበ የሶዲየም አዮን ስፋቱ 0.7 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው ከዚያ እንዲሰፋ አልፈልግም።

ፖታሲየም ክሎራይድ በሟሟበት ውኃ ውስጥ የምለካው የአዮን ፍሰት መጀመሪያ ጥሩ ቢሆንም ናሙናው አየር ላይ ሲሰነብት እየቀነሰ ይሄዳል። ቀዳዳውን የዘጋው አረፋ እንዳይሆን ብዬ በኢታኖል ባርሰውም ለውጥ አላየሁም፤ በአርጎንና በሃይድሮጅን ውስጥ እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳሞቀው ፍሰቱ ለጊዜው ይመለሳል፣ ነገር ግን አንዳንዱ ሽፋን ይቀደዳል። በራማን መለኪያ (የሌዘር ብርሃን ሲበተን በሚያሳየው ለውጥ ቁስን በሚመረምር መሣሪያ) 1350 በሴንቲሜትር (cm⁻¹) አካባቢ የሚታየው የጉድለት ምልክት አለመቀነሱ፣ ቀዳዳው በራሱ ከመጠገን ይልቅ ከአየር በመጣ ሃይድሮካርቦን (የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህድ) እንደተሸፈነ ያስጠረጥረኛል። መብራት ስለሚቆራረጥ ናሙናውን ቫኪዩም ውስጥ ማቆየት አያዋጣኝም።

በቀዳዳው ጠርዝ ያሉትን ያልተጣመሩ የካርቦን አቶሞች ከናይትሮጅን ወይም ከሲሊከን ጋር በማያያዝ፣ ቀዳዳውን ሳያሰፋ ቆሻሻው እንዳይጣበቅበት የሚያደርግና ከ400 ዲግሪ በታች በሚሠራ ምድጃ የሚቻል ዘዴ የትኛው ነው?