«ፀረ-ሴማዊነት» ሲባል ሴማዊው ማን ነው?

ፊደል ገበታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዜና ላይ «ፀረ-ሴማዊነት» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ የሴም ቋንቋዎች ናቸው፤ ዐረብኛም እንዲሁ። ታዲያ ቃሉ በአይሁድ ላይ ለሚደርስ ጥላቻ ብቻ የሚነገረው ለምንድን ነው? ጥላቻውስ አውሮፓ ውስጥ እንዴት ሥር ሰደደ?

ሰዋስው፦
ወንድሜ፣ ይህን ቃል «ፀረ» እና «ሴማዊ» ብለህ ከፍለህ ከተረጎምከው ያሳስትሃል። «ሴማዊ» መጀመሪያ የቋንቋ ሰዎች ስያሜ ነበር። ሽሎዘር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1781 እ.ኤ.አ. የዕብራይስጥን፣ የዐረብኛንና የሶርያን ቋንቋ ዝምድና አይቶ በኖኅ ልጅ በሴም ስም ጠራቸው። በቀጣዩ መቶ ዓመት ግን ስሙ ከቋንቋ ወጥቶ «ዘር» መጠሪያ ሆነ። በ1879 ቪልሄልም ማር የሚባል ጋዜጠኛ በርሊን ላይ «የፀረ-ሴማውያን ሊግ» አቋቋመ፤ ቃሉም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ልብ በል፦ ስሙን ያስፋፉት የአይሁድ ጠላቶች ናቸው፣ የያዙትም ለራሳቸው መጠሪያ ነው። ስለ ዐረቡም ሆነ ስለ እኛ አላሰቡም፤ ያነጣጠሩት ጎረቤታቸው በሆነው አይሁዳዊ ላይ ነበር።

አዲስ ስም ያስፈለጋቸው የድሮው ጥላቻ የሃይማኖት ስለነበረ ነው። በሃይማኖት ለሚጠላ ሰው፣ አይሁዳዊው ከተጠመቀ ነገሩ ቢያንስ በወግ ደረጃ ያልቃል። «ዘር» ካልከው ግን ጥምቀትም አያወጣውም። በ1935 በናዚ ጀርመን የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች ሰውን በራሱ እምነት ሳይሆን በአያቶቹ ቆጥረው «አይሁዳዊ» ያሉት በዚሁ ስሌት ነው።

የታሪክ ተማሪ፦
በሰዋስው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን «ድሮ የሃይማኖት፣ ኋላ የዘር» ብሎ መቁረጥ ይከብደኛል። ገና በ1449 በስፔኗ ቶሌዶ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገቡ ሰዎችና ልጆቻቸው የከተማ ሹመት እንዳይዙ ተደንግጓል። «የደም ንጽሕና» ይሉት ነበር። ከቪልሄልም ማር አራት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ሥሩ ግን የባሰ ይጠልቃል። ክርስቶስን የሰቀሉት በዘመኑ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ሳይሆኑ ሕዝቡ በሙሉ፣ ከነልጅ ልጁ ነው የሚለው ስብከት ለዘመናት ተነግሯል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን ክስ በጉባኤ በግልጽ የተወችው በ1965 ነው። በ1096 የመስቀል ጦረኞች ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሱ መንገድ ላይ በጀርመን ከተሞች በወርምስና በማይንዝ ያገኟቸውን አይሁድ ፈጁ። በ1215 ደግሞ የላተራን ጉባኤ የተባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ አይሁድ በልብሳቸው እንዲለዩ አዘዘ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «የደም ክስ» የሚባለው ነው። በ1144 እንግሊዝ ውስጥ ኖርዊች ላይ ዊልያም የሚባል ልጅ ሞቶ ተገኘ። ከዓመታት በኋላ አንድ መነኩሴ «አይሁድ ናቸው የገደሉት» ብሎ ጻፈ። ወሬው እየተዛመተ ሄዶ «ለፋሲካቸው የክርስቲያን ልጅ ደም ይፈልጋሉ» እስከ መባል ደረሰ። እንግዲህ ይህ የተወራው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 የእንስሳ ደም እንኳ እንዳይቀምስ በከለከለው ሕዝብ ላይ ነው! የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት አራተኛ በ1247 ክሱን ቢያወግዙም አልጠፋም፤ ኪየቭ ውስጥ በይሊስ የተባለ አይሁዳዊ በዚሁ ክስ ፍርድ ቤት ቆሞ ነፃ የወጣው በ1913 ነው።

እናት ዓለም፦
የአራጣውን ነገር ማንም አላነሳውም። «አይሁድ አራጣ አበዳሪ ነው» የሚለው ስድብ ከየት መጣ?

የታሪክ ተማሪ፦
እህቴ፣ ጥሩ አነሳሽው። ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያን በወለድ እንዳያበድር ከልክላ ነበር፤ ብድር ግን ለንጉሡም ለባላባቱም ያስፈልጋል። አይሁድ በብዙ ቦታ መሬት እንዳይዙ ተከልክለዋል፣ የእጅ ሙያ ማኅበራትም አያስገቧቸውም። ስለዚህ ከፊሎቹ ወደ ብድር ተገፉ። ሁሉም አበዳሪ አልነበረም፤ ሐኪሙ፣ ልብስ ሰፊው፣ ተራው ነጋዴ ሞልቶ ነበር። ንጉሡ በአበዳሪው ላይ ከባድ ግብር ይጥላል፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ይይዛል፣ ተበዳሪው ንጉሡን መናገር ስለማይችል አይሁዳዊውን ይጠላል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ይኸው ነው።

በ1190 በእንግሊዟ ዮርክ የሆነውን ልንገርሽ። ሕዝቡ ሲነሳባቸው አይሁዱ ወደ ንጉሡ ምሽግ ሸሹ። ሲከበቡ ብዙዎቹ በሰዎቹ እጅ ከመውደቅ ብለው ራሳቸውን አጠፉ፤ እጃቸውን የሰጡትም ታረዱ። ሟቾቹ ወደ 150 ይገመታሉ። ገዳዮቹ ከዚያ በቀጥታ የሄዱት ወደ ካቴድራሉ ነው፤ የዕዳ ውሎቹ የተቀመጡት እዚያ ነበርና። ከጠባቂዎቹ ወስደው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አቃጠሏቸው። ከመሪዎቹ መካከል ዕዳ ያለባቸው ባላባቶች ነበሩ። የንጉሡ ሰዎች ከዚህ የተማሩት የዕዳ ውል በሁለት ቅጂ እንዲቀመጥ ማድረግን ነው! በ1290 ደግሞ ኤድዋርድ ቀዳማዊ አይሁድን በሙሉ ከአገሩ አባረረ።

እናት ዓለም፦
ይህን ሳነብ ቤተ እስራኤል ትዝ አሉኝ። ርስት ተከልክለው በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ፣ በዚያው ሙያቸው «ቡዳ» ተባሉ። መጀመሪያ ሌላ ሥራ መከልከል፣ ቀጥሎ በቀረው ሥራ መስደብ።

ሰዋስው፦
ትክክል ነሽ፤ ሁለቱ ታሪኮች ግን ለየቅል ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አልመጣም። በዚያ ላይ «ቡዳ» የተባሉት ቤተ እስራኤል ብቻ አይደሉም፤ ሌሎች ባለ እጆችም በዚሁ ስድብ ተሰቃይተዋል።

ወደ ፊደል ገበታ ጥያቄ ስመለስ፦ እኔ ስጽፍ የመካከለኛውን ዘመን የሃይማኖት ጥላቻ «ፀረ-አይሁድነት» እለዋለሁ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ላለው «ፀረ-ሴማዊነት» ይሁን፤ ቃሉ ስለተለመደ መለወጡ አያዋጣም። የቶሌዶውን ከየትኛው እንደምመድበው ግን የታሪክ ተማሪ ይንገረኝ።

የታሪክ ተማሪ፦
ከሁለተኛው። ተጠምቀውም ድንጋጌው ካልማራቸው የተጠላው እምነታቸው አልነበረም ማለት ነው።