የ1967 ሙስታንግ የኋላ ኪት፦ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አልወርድ አለኝ

ሰላም፣ የመኪና ሙያ ያላችሁ ወገኖች። ቨርጂኒያ ውስጥ የማድሳት የ1967 ፎርድ ሙስታንግ አለችኝ። የኋላ ባሌስትራዎቿን አውጥቼ ባለ አራት ክንድ ኪት (አክስሉን በሁለት የላይኛና በሁለት የታችኛ ክንዶች ከሻሲው ጋር የሚያስር)፣ ሞላ ከለበሰ አሞርቲዛተር ጋር ገጥሜላታለሁ። ባሌስትራው አክስሉን የሚሸከመውም አቅጣጫ የሚያስይዘውም እሱው ስለሆነ፣ ነዳጅ ስረግጥ እየተጠመዘዘ ጎማውን ያዘልለው ነበር። ብየዳው ጥሩ ነው፤ አክስሉም በፓንሃርድ ዘንጉ (ወደ ጎን እንዳይሄድ በሚይዘው ብረት) መሃል ላይ ቆሟል።

ያስቸገረኝ መንቀጥቀጡ ነው። በሰዓት ከ55 ማይል በላይ ስትሄድ ወለሉ ይርገበገባል፤ ማርሹን ዜሮ አድርጌ በራሷ ስትንከባለልም አይተዋትም። ድራይቭ ሻፍቱን (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ) ባላንስ አስደርጌዋለሁ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት መታጠፊያዎች፣ ክሮቼራዎቹም አዲስ ናቸው። በአራት ጎማዋ ቆማ ስለካት የካምቢዮው ጭራ 3 ዲግሪ ወደ ታች፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ድራይቭ ሻፍቱ የሚታሰርበት የፊት ጫፉ) ግን 6 ዲግሪ ወደ ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ደግሞ አንዱ ክሮቼራ የፈጠረውን የፍጥነት መዋዠቅ ሌላው አያጠፋውም። አፍንጫው እንዲወርድ የላይኞቹን ክንዶች ማሳጠር ነበረብኝ፤ የማስተካከያ ብሎን ጥርሳቸው ግን አለቀ፣ ዳዶው ከክንዱ ጋር ገጥሟል።

የታችኞቹን ላስረዝም ብል አክስሉ ወደ ኋላ ሄዶ ጎማው ከፓራፋንጎው መሃል ይወጣብኛል ብዬ ሰጋሁ። የካምቢዮውን ጭራ ትንሽ ዝቅ ማድረግስ ይሻላል? ወይስ የላይኞቹን ክንዶች አስቆርጬ ጥርስ ላስወጣላቸው? ከተቆረጡ በኋላ የሞተሩን ጉልበት ይችሉታል? ይህን ሥራ በእጃችሁ የሠራችሁ፣ እባካችሁ ስንት ዲግሪ ላይ እንደተዋችሁት ንገሩኝ።