ክርና መርፌ ለሚመርጡ የሹራብ ሠሪዎች የቀረበ ጥቆማ

የሹራብ ሥራ የጀመሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው ክር ይሻላል፣ የትኛውስ መርፌ?» ብለው ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ለሻርፕ ተወዳዳሪ የሌለው ክር ለካልሲ ሲውል ተረከዙ ላይ ቶሎ ይሳሳል፣ ለእኔ እጅ የተመቸው መርፌም ለሌላው ሰው አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ከሚውልበት ሥራ ጋር እያነጻጸርኩ ያገኘሁትን አቀርባለሁ። የማንንም ጥቆማ፣ ይህንንም ጭምር፣ አምናችሁ ሙሉውን ክር ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥቅል ብቻ ገዝታችሁ ሙከራ፣ ማለትም በዚያው ክርና መርፌ ትንሽ ቁራጭ፣ ሠርታችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ እንድትለኩት አጥብቄ እመክራለሁ።

በክር ልጀምር። ለመጀመሪያ ሥራ የምመርጠው የበግ ሱፍ ነው፤ ምክንያቱም ይለጠጣል፣ ተለጥጦም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጀማሪ አንዱን ቀለበት (መርፌው ላይ የሚሠራውን የክር ዙር) አጥብቆ ቀጣዩን አላልቶ ስለሚሠራ ይህ ጠባይ ብዙ ስሕተት ይሸፍንለታል፤ ሲታጠብ ደግሞ ቀለበቶቹ እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ ይስተካከላሉ። ሱፍ እርጥበት በእጅጉ ቢመጥም በሰውነት ላይ የርጥብ ስሜት አይሰጥም። ችግሩ አስተጣጠቡ ላይ ነው። የሱፍ ጭረት (ክሩ የሚፈተልበት ቀጭን ፀጉር) በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ በመሆኑ ሙቅ ውኃና ፍትጊያ ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ሹራቡ ይጠብቃል፤ አንዴ ከጠበቀ ደግሞ የሚመልሰው ነገር የለም። ለማሽን እጥበት የተዘጋጀው ሱፍ ይህ ችግር የለበትም፣ ቅርፊቱ በኬሚካል ለስልሶ ወይም በስስ ሽፋን ተሸፍኗልና። ይሁን እንጂ ይኸው ሱፍ ከታጠበ በኋላ የመርዘም ጠባይ ስላለው ሙከራውን ሳታጥቡ ለክታችሁ እጅጌ ብትሠሩ የእጅጌው ጫፍ ጣቶቻችሁን ሊሸፍን ይችላል። ሱፍ ያሳክከኛል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳክካቸው ወፍራም ጭረቱ ነው። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ሱፍ ጭረቱ ቀጭን ስለሆነ አንገት ላይ የሚውል ነገር ስትሠሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ነገር ግን ልስላሴው ዋጋ አለው፣ ቶሎ ትናንሽ እንክብሎች ያወጣል።

አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር በማሽን ይታጠባል፣ አይጠብቅም፣ ቀለሙም ሰፊ ምርጫ አለው፤ ስለዚህ ለሕፃናትና በየጊዜው ለሚታጠብ ነገር ያለ ማመንታት እጠቁመዋለሁ። ትኩስ ካውያ ግን አታስነኩት። ሙቀት ካገኘው ጭረቱ ይለሰልስና የነበረው የመለጠጥ ጠባይ ለዘለዓለም ይጠፋል። ጥጥ ደግሞ ለሚሞቅ አየርና ለዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ጥሩ ነው፤ ስለማይለጠጥ እጅ ያደክማል፣ ከባድ ስለሆነም ትልቅ ሹራብ ከተሠራበት በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ለካልሲ ከ75 በመቶ ሱፍና ከ25 በመቶ ናይለን የተዋሐደ፣ ጠበቅ ብሎ የተገመደ ክር ፈልጉ፤ ናይለኑ ተረከዙን ያቆየዋል።

መለያ ወረቀቱ የጠፋበት ክር ካጋጠማችሁ የጣት ርዝመት ያህል ቆርጣችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ በእሳት ሞክሩት። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁትም ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይፈረፈራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል። አክሪሊክ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል።

ክር በሚዛን መግዛት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። አንድ ሹራብ 1200 ሜትር ክር ቢፈልግና 50 ግራሙ 120 ሜትር የሆነ የሱፍ ክር ብትገዙ 10 ጥቅል ይበቃችኋል፤ በዚያው ውፍረት ያለ፣ 50 ግራሙ ግን 85 ሜትር ብቻ የሆነ የጥጥ ክር ብትመርጡ 15 ጥቅል ያስፈልጋችኋል። ግራሙን አይታችሁ 10 ብትገዙ ሥራው እጅጌው ላይ ይቆማል። ስለዚህ በመለያው ላይ ሜትሩን አንብቡ፤ ቀጥሎም የማቅለሚያ ቁጥሩን። የቀለሙ ስም አንድ ሆኖ የማቅለሚያ ቁጥሩ ከተለያየ ክሩ የተነከረው በተለያየ ጊዜ ነው። እኔ ራሴ ሰማያዊ ሹራብ ጀምሬ ሁለት ጥቅል አነሰኝ፤ የጨመርኩት ክር በመብራት ሥር ከቀድሞው ጋር ፍጹም አንድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ሳየው ከብብት በታች በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር ደረቱን አቋርጦት አገኘሁት። መፍትሔው ተርትሮ እንደገና መጀመር ነበር፤ በሁለተኛው ሙከራ ሁለት ረድፍ ከአሮጌው፣ ሁለት ረድፍ ከአዲሱ እያፈራረቅሁ ስለሠራሁት ልዩነቱ ተበታትኖ ጠፋ። በእጅ የተነከረ ክር ከሆነ ቁጥሩ አንድ ቢሆን እንኳ ይህን ማፈራረቅ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሩት።

መርፌን በተመለከተ ጀማሪ የቀርከሃ መርፌ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ቀርከሃ ክሩን ያዝ ስለሚያደርግ ቀለበቶች ከጫፉ አይንሸራተቱም። የጃፓኑ ኩባንያ ክሎቨር በዚህ የታወቀ ነው። እጅ ሲፈጥን ብረት ይመረጣል፤ የጀርመኑ አዲ እና ቀይ ገመድ ያለው ቺያዎጉ ለስላሳና ፈጣን ናቸው። በተለይ ሱፍ በብረት ላይ፣ ሐር መሳይና የሚያንሸራትት ክር ደግሞ በእንጨት ወይም በቀርከሃ ላይ ይስማማል። የሕንዱ ኒትፕሮ ከቀጫጭን የእንጨት ንጣፎች የተጣበቁ ባለብዙ ቀለም መርፌዎች አሉት፤ በሰሜን አሜሪካ ኒተርስ ፕራይድ በሚል ስም ስለሚሸጥ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መስለዋችሁ እንዳትቸገሩ። ስል ጫፍ ለቀዳዳ ንድፍ ያመቻል፣ ላላ ብሎ የተገመደውን ክር ግን ይሰነጥቀዋል።

ሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች ከመግዛት ይልቅ በገመድ የተያያዙትን እንድትመርጡ እጠቁማለሁ። በእነርሱ ክብ ሥራም ዝርግ ሥራም ይሠራል፤ የሹራቡም ክብደት ጭን ላይ ስለሚያርፍ የእጅ አንጓ አይደክምም። ለኮፍያ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ለሹራብ አካል 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይስማማል። ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱ ከመርፌው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ በክር ወዲያና ወዲህ አሻሹት፤ ክሩ እዚያ ከተያዘ መርፌው የፈለገውን ያህል የሚያምር ቢሆን ተዉት፤ በየረድፉ በመቶ የሚቆጠር ቀለበት የሚያልፈው በዚያች መጋጠሚያ ነው።

የመርፌ ቁጥር የራሱ እንቆቅልሽ አለው። 4 ሚሊ ሜትር የሆነው መርፌ በአሜሪካ አቆጣጠር 6፣ በቀድሞው የእንግሊዝ አቆጣጠር 8 ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ በአሜሪካ 8፣ በቀድሞው የእንግሊዝ 6 ነው። አንዱ መርፌው ሲወፍር ቁጥሩን ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። ከአያት የተወረሰ «ቁጥር 8» መርፌ እጃችሁ ላይ ካለ ቁጥሩን ትታችሁ ቀዳዳ ባለው መለኪያ ሰሌዳ በሚሊ ሜትር ለኩት።

ይህ ሁሉ ምርጫ የሚፈተነው ቀደም ብዬ ባነሣሁት ሙከራ ነው። አንድ ንድፍ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 ቀለበት ሲጠይቅ የደረት ዙሪያው 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሹራብ 220 ቀለበት ይኖረዋል። እጃችሁ ላላ ብሎ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ብቻ ቢያወጣ፣ ያው 220 ቀለበት 110 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ቀለበት ያህል የማይመስል ልዩነት ሹራቡን በአንድ መጠን ያሰፋዋል። በዚህ ጊዜ እጃችሁን ለማጥበቅ አትታገሉ፤ በቀጭን መርፌ ቀይሩት። የሙከራው ስፋት ከ15 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፣ ጠርዙ ስለሚያሳስት መሃሉን ነው የምትለኩት። በክብ የሚሠራ ሹራብ ከሆነ ሙከራውም በክብ ይሠራ፤ ብዙ ሰው የጀርባውን ረድፍ ከፊቱ ረድፍ ይልቅ አላልቶ ስለሚሠራ ዝርግ ሙከራ የተለየ ቁጥር ይሰጣል።

ንድፍ ለማግኘት ሦስት ቦታ እጠቁማለሁ። ራቨልሪ በ2007 የተከፈተ፣ ምዝገባው ነፃ የሆነ ድረ ገጽ ሲሆን፣ ካላችሁ የክር ሜትርና ውፍረት ተነሥታችሁ ንድፍ መፈለግ ያስችላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ያንኑ ንድፍ የሠሩ ሰዎች ፎቶግራፍና ማስታወሻ አብሮ መገኘቱ ነው፤ «አንገቱ ሰፋብኝ» የሚል አስተያየት ከአሥር ሰው ካነበባችሁ ሳትጀምሩ ታስተካክላላችሁ። የኖርዌዩ የክር ኩባንያ ድሮፕስ ንድፎቹን በብዙ ቋንቋ በነፃ ያቀርባል፣ የቪዲዮ ማሳያም አለው፤ ማብራሪያው ግን ጠቅለል ያለ ስለሆነ ለፍጹም ጀማሪ ይከብዳል። ከ2002 ጀምሮ በነፃ የሚወጣው የኢንተርኔት መጽሔት ኒቲ ማብራሪያው ዘርዘር ያለ ነው። በሥዕል ሠንጠረዥ የቀረበ ንድፍ ከታች ወደ ላይ፣ በሹራቡ ፊት በኩል ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ለለመደ ዐይን ይህ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል።

ከቪዲዮ መማርና ከሰው አጠገብ ተቀምጦ መማር ሲነጻጸሩ ለመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በቪዲዮ ብቻ የተማሩ ሰዎች ሹራባቸው ለምን እንደ ደረቀና ቀለበቶቹ ለምን እንደ ተጣመሙ ሳያውቁ ወራት ይቆያሉ። ቀለበቱን በቅርብ እዩት፤ መርፌው ላይ እንደ ኮርቻ ተቀምጦ ሁለት እግር አለው፣ በተለመደው አሠራር ቀኝ እግሩ ከፊት መሆን አለበት። በጀርባው ረድፍ ክሩ በመርፌው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ግራ እግሩ ወደ ፊት ይመጣል፤ ቀጣዩ ረድፍ እንደ ልማዱ ሲሠራ ቀለበቱ ይጠመዘዛል። አጠገብ ያለ ሰው ይህን በአንድ ዐይታ ይነግራችኋል።

ስለ ግዢው፣ ሱቅ መሄድ ከቻላችሁ ክሩን በጣት ሳይሆን በአንገታችሁ ወይም በእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ ክፍል ዳስሱት፣ ቀለሙንም ወደ በር ወጥታችሁ ተመልከቱ። በኢንተርኔት ስታዝዙ ምርጫው ይሰፋል፣ ቀለም ግን በስክሪን ላይ አይታመንም። ሦስተኛው መንገድ አሮጌ ሹራብ ገዝቶ መተርተር ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሹራቡን ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት ፈትሹ። ጠርዙ ተቆርጦ በማሽን የተለበጠ ከሆነ ክሩ በየረድፉ ተቆራርጦ ስለሚወጣ አትድከሙ። ጠርዙ ሳይቆረጥ የተሰፋ ከሆነ ግን ረጅም ክር ታገኛላችሁ፤ አጥባችሁ ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁበት ስታደርቁት የተጠማዘዘው ክር ይቃናል።

ያመለጠ ቀለበት ለመመለስ አንዲት ኪሮሽ በቦርሳችሁ ያዙ። ቀለበቱ አሥር ረድፍ ወርዶ መሰላል የመሰለ ክፍተት ሲያሳይ ብዙ ሰው ደንግጦ ሁሉንም ይተረትራል። ኪሮሹን ከታች ባለው ቀለበት አስገብታችሁ ቀጣዩን የመሰላል ክር እየጎተታችሁ አሳልፉት፣ ከዚያ የሚቀጥለውን፤ በደቂቃ ውስጥ መሰላሉ ተዘግቶ ቀለበቱ ወደ መርፌው ይመለሳል፣ ቦታውም አይለይም። በዚህ ሥራ ይህን ያህል የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ክር ከመለያው ወረቀት ጋር በአንድ ከረጢት አስቀምጡ። የሹራቡ እጅጌ ከሁለት ዓመት በኋላ ክንድ መታጠፊያው ላይ ሲሳሳ ክሩንም የማቅለሚያ ቁጥሩንም እዚያው ታገኙታላችሁ።