ክርክር፦ ቤት ውስጥ ስንት ጥይት ይበቃል?

ጠያቂው፦ ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዘ ሰው ቤቱ ስንት ጥይት ቢያስቀምጥ ይበቃዋል? አንዱ «መሣሪያው ላይ የሚገጠመውን አንድ ካዝና ከሞላህ ምን ቀረህ» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ሺህ የሌለውን ሰው እንዳልታጠቀ ይቆጥረዋል። እኔ የምለው ቁጥሩን ሥራው ይወስነው ነው። ለኢላማ ነው? ለአደን? ለቤት ጥበቃ? ይህን ሳይመልሱ ዝም ብሎ ማከማቸት አይገባኝም። እስቲ ተከራከሩኝ።

ኢላማ ተኳሹ፦ ገደብ የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ልምምድ ጥይት ይበላል። ሜዳ የወረደ ሰው በአንድ ከሰዓት 100 እና 200 ጥይት መጨረሱ የተለመደ ነው። ቤቱ 50 ብቻ ያለው ግን «ለክፉ ቀን ይቆይልኝ» እያለ ልምምዱን ይተወዋል፣ ልምምድ ያቆመ እጅ ደግሞ ለራሱም ለጎረቤቱም አያስተማምንም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ጥይት ከመደርደሪያ ላይ ጠፋ። ያኔ መተኮሱን ያላቋረጠው ቀድሞ ያስቀመጠ ሰው ነው።

የቀድሞ ወታደር፦ የልምምዱን እቀበልሃለሁ ወንድሜ። ለክፉ ቀን ሺህ የሚለውን ግን አልቀበልም። አንድ የክላሽ ጥይት 16 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሺሁ 16 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው፣ ካዝናውንና ሳጥኑን ሳንጨምር። ክፉ ቀን መጣ ብለህ ከቤት ብትወጣ ይህን ሁሉ ተሸክመህ አትሮጥም። ከብዛቱ ይልቅ አያያዙን እይ። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የፋብሪካ ጥይት አሥርት ዓመታት ይቆያል። ሙቀት ባሩዱን ያበላሸዋል፣ እርጥበት ቀለሁን ይበላዋል። ቀለሁ ላይ አረንጓዴ ነገር ካየህ፣ ወይም አረሩ በጣትህ ስትነካው ከተነቃነቀ፣ መሣሪያህን አታጉርሰው። ቃታ ስበህ ከከሸፈብህ ደግሞ ቶሎ አትክፈተው። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ብዙ ያከማቸ ሰው የታችኛውን ሳጥን ለዓመታት አይከፍተውም፣ እኔን የሚያሳስበኝ ያ ነው።

የልጆች እናት፦ እናንተ ስለ ተኩስ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ቤት ላውራ። በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አራት ነገሮችን ለይቶ አይቷል፦ መሣሪያው መቆለፉን፣ ጥይት አለመጉረሱን፣ ጥይቱ መቆለፉንና ከመሣሪያው ተለይቶ መቀመጡን። አራቱም እያንዳንዳቸው ልጆችና ወጣቶች ራሳቸውን የመጉዳታቸውን ወይም በድንገት የመቁሰላቸውን ዕድል ዝቅ ከማለት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ ለእኔ «ስንት» ማለት «ስንቱን ቆልፈህ ታስቀምጣለህ» ማለት ነው። ሳጥኑ ሲሞላ ትርፉ የት ይሄዳል? አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የካፖርት ኪስ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ እናቱ የረሳችውን ቦታ ሁሉ ያውቃል። ሌላም ልጨምር። የማይቆጥር ሰው አሥር ጥይት ቢጎድልበት በምን ያውቃል?

ሕግ አዋቂው፦ አገሮችም በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። ደቡብ አፍሪካ ለአንድ ፈቃድ ላለው መሣሪያ 200 ጥይት ብላ ገድባለች፣ ለተመዘገቡ አዳኞችና ስፖርተኞች ግን ላላ ታደርገዋለች። ብሪታንያ ውስጥ ምን ያህል መግዛትና መያዝ እንደምትችል የፈቃድ ወረቀትህ ላይ ይጻፋል። ስዊዘርላንድ ደግሞ ለተጠባባቂ ወታደሮቿ 50 ጥይት በታሸገ ቆርቆሮ ቤት ታስይዝ ነበር፣ በ2007 ግን ይመለስ ብላ ወሰነች። ጠመንጃውን ቤት ትታ ጥይቱን ሰበሰበች ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ኢላማ ተኳሹ፦ ወንጀለኛ ግን ይህን አንብቦ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ሕግ አክባሪው ብቻ ነው፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

የልጆች እናት፦ ወንጀለኛው ጥይት ከሚያገኝበት አንዱ መንገድ እኮ ጥይቱ ያልተቆለፈበት ቤት ሰብሮ መግባት ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ አንድ ነገር ላስተካክል፣ «ብዙ ጥይት ያለበት ቤት ከተቃጠለ ሰፈሩ ይፈነዳል» የሚባለው የተጋነነ ነው። መሣሪያ ውስጥ ያልገባ ጥይት በእሳት ሲፈነዳ ቀለሁ ይቀደዳል፣ ስብርባሪው ይበተናል፣ አረሩ ግን ከአፈሙዝ እንደወጣ አይበርም። ዓይን ማጥፋት ይችላል፣ ግድግዳ አይበሳም። የሚያስፈራው ጥይት እንደጎረሰ የተቀመጠው መሣሪያ ነው። እሱ በሙቀት ብቻ እንደ ወትሮው ይተኩሳል፣ አፈሙዙ ወደየት እንደዞረ ደግሞ አናውቅም። ብዛቱን እናንተ ወስኑ፣ ቤታችሁ በእሳት ከተያያዘ ግን ጥይት መኖሩንና የት እንዳለ ገና ሳንገባ ንገሩን።

ጠያቂው፦ እናትየዋ ያሉት አሳምኖኛል። ቆልፌና ቆጥሬ የምይዘው ያህል፣ ከዚያ በላይ አንድም አልጨምር።

ኢላማ ተኳሹ፦ ቁልፉን እኔም አልጠላሁም። ሁለተኛ ሳጥን ገዝቼ ብቆልፈውስ?

የልጆች እናት፦ ሁለቱንም የምትቆጥር ከሆነ ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም።

የቀድሞ ወታደር፦ እኔ አሁንም 200 ይበቃል ባይ ነኝ። ለልምምድ የሚተኮሰውን እዚያው ሜዳው ላይ ግዛ፣ እዚያው ጨርሰህ ና።