የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤ በ43 ዓመቴ ከየትኛው የመንግሥት ስልጠና ልጀምር?

ካፒቴኑ፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። 43 ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከ8ኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ጀልባ ነው። መጀመሪያ ገመድ ሳቢ ነበርኩ፣ ኋላ ነጂ ሆንኩ። ሲቆይ ደግሞ የማንም ሞተር ሲበላሽ «እሱን ጥሩት» የምባል ሰው ሆንኩ። ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ ያልተመላለስኩበት የለም። ሞተር ድምፁን ሰምቼ ችግሩ ካንዴላው ይሁን ካርቡሬተሩ መለየት አያቅተኝም። እምቦጭ ተጠምጥሞበት የቆመ ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ሰው አሳፍሬ ተመልሻለሁ።

አሁን ሥራው ሞቷል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ደግሞ ክልላችን ያለበት ሁኔታ። ለእናንተ አልነግርም። ቱሪስት ሲጠፋ ጀልባ ይቆማል። የቆመ ጀልባ ሞተሩ አይበላሽም። እኔንም የሚጠራኝ የለም።

አንድ ጋራዥ ሄጄ ነበር። ሰውየው አሠራሬን አይቶ ወደደኝ። ከዚያ «ሲኦሲ አለህ?» አለኝ፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን ማለቱ ነው። የለኝም። የድርጅት ማስታወቂያም ሳይ ያው ነው፤ «የደረጃ 2 ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ ያለው» ይላል።

ወደ መንግሥት ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ «ተደራጅ» አለኝ። ሌላው «መጀመሪያ ሰልጥን» አለኝ። ሦስተኛዋ ዕድሜዬን ጠየቀችና «ይሄ ለወጣቶች ነው» ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች። ሦስቱም በአንድ ኮሪደር ነው የሚሠሩት።

እንግዲህ የቱ ይቅደም? መደበኛ ስልጠና ገብቼ ብቀመጥ ሦስት ልጆች ማን ያበላልኛል? አጫጭር ስልጠናውስ ዋጋ አለው? ብድሩ፣ ሴፍቲኔቱ ለእኔ ዓይነት ሰው ይሆናል? ከ18 ዓመት ልጆች ጋር መቀመጡ ራሱ ያሳፍረኛል፤ «አባባ፣ ይለፉ» እንዳይሉኝ።

ቢኒ ከዲያስፖራ ሰፈር፦

ጋሼ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማሪታይም አለ አይደል? ጀልባ ከሆነ ሙያዎ እሱን ይሞክሩ። ካልሆነም 5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው ስልጠና ነጻ ነው፣ ኦንላይን ነው፣ ዕድሜም አይጠይቅም። እኔ የዳታ ሳይንሱን ጨርሼ ሰርተፊኬት አግኝቻለሁ። አሁንም ሥራ ፈላጊ ነኝ፣ ግን ሰርተፊኬት ያለው ሥራ ፈላጊ ነኝ።

ጣናነሽ ሁለት የተባለችው አዲሷ የሐይቅ መርከብም መጥታለች። እሷ ላይ ሰው አይፈልጉም?

የጥገና መምህር፦

ሰላም ካፒቴን። እኔ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ተቋም የአውቶሞቲቭ አሰልጣኝ ነኝ። የትኛው ተቋም እንደሆነ ይቅር።

በመጀመሪያ የቢኒን ላስተካክል። የማሪታይም ማሰልጠኛው የሚቀበለው በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ የያዙ ልጆችን ነው። የሚያዘጋጃቸውም ለውቅያኖስ መርከብ ነው። ካፒቴን ላይ በር ይዘጋል እንጂ አይከፍትለትም። ጣናነሽ ሁለትን በተመለከተ፣ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ስትመጣ ሁላችንም በስልካችን አይተናል፣ ደስ ብሎናል። አንዲት መርከብ ግን ስንት ሰው ትቀጥራለች? ማመልከቻ ማስገባት አይከፋም። እሷን ብለህ ቤት አትቀመጥ።

ወደ አንተ ልምጣ። ያናገሩህ ሰዎች ክፋት የላቸውም። ግን ሁሉም ሙያ እንደሌለው ሰው ነው ያዩህ። «ሰልጥን» የሚባለው ለጀማሪ ነው። አንተ ሙያው አለህ፣ ማስረጃው ነው የሌለህ። ስለዚህ ከምዘናው ተነስ። ስልጠና የሚያስፈልግህ ምዘናው ላይ ለሚጎድልህ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሲኦሲ ኮሌጅ ለጨረሰ ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል። በሥራ ላይ የተማረም ይመዘናል። ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ከአባቱ የወረሰ፣ እንዳንተ ውሃ ላይ የተማረ። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። መዛኙ ያሰለጠነህ ሰው አይሆንም። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ካልሆነልህ የጎደለህን ተለማምደህ እንደገና ትመዘናለህ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ እንነጋገር። የጀልባ ሞተር ብቻ የሚል ምዘና አትጠብቅ። ለአንተ የሚቀርበው አውቶሞቲቭ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ የሚያስቸግርህን አሁኑኑ ልንገርህ፤ ጀልባ ፍሬን የለውም!

አትሳቅ፣ የምሬን ነው። አንተ ዓይነት ሰዎች መጥተው አይቻለሁ። ሞተር ላይ መዛኙን ራሱን የሚያስተምሩ ናቸው። ፍሬን አየር አውጣ ሲባሉ ግን ቆመው ያያሉ። ፍሬን የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ባሌስትራ የለም። የጀልባ ማርሽ ወደፊት፣ ወደኋላና ባዶ ነው፤ የመኪና ካምቢዮ ግን ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የአንተ ሞተር ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ይቀዘቅዛል። መኪናው ራዲያተር አለው፣ ቴርሞስታት አለው። ቱ ስትሮክ ሞተር ላይ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅለህ ትሰጠዋለህ። መኪናው ላይ ዘይቱ ለብቻው ይዞራል፣ ቫልቮላ ማስተካከል አለ። ኤሌክትሪኩማ ጨርሶ ሌላ ነው። ጀልባ ላይ የነበረህ ገመድ ስቦ ማስነሳት ከሆነ፣ እዚህ ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ፊውዝ፣ መብራት ይጠብቅሃል።

ስለዚህ አጫጭር ስልጠና ዋጋ አለው ወይ ላልከኝ፣ ለአንተ ከሁሉም ይበልጣል። ግን ዝም ብለህ «አውቶሞቲቭ ልመዝገብ» እንዳትል። ፍሬን፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን፣ መሪ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ብለህ ለይተህ ጠይቅ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፈረቃ እንዳለም ጠይቅ። ሞተር ክፍሉን ዝለለው፤ እዚያ ከተቀመጥክ ሰዓትህን ነው የምታባክነው።

የጎደለህን በትክክል የምታውቅበት መንገድም አለ። ለእያንዳንዱ ሙያ «የሙያ ደረጃ» የሚባል ሰነድ አለ። ባለሙያው ምን ምን መሥራት እንዳለበት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ኮሌጅ ሄደህ አሳዩኝ በል። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ነው። የደረሰ ልጅ ካለህ አብራችሁ አንብቡት። የምትችለው ላይ ምልክት አድርግ። ምልክት የሌለበት እሱ ነው ትምህርትህ። የጽሑፉን ፈተና አትናቀው። እጃቸው ወርቅ የሆኑ ሰዎች እሱ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ።

መደበኛ ስልጠናውን መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ለልጅህ ቢሆን ግባበት እለው ነበር። ግን በትብብር ስልጠና አሠራር 70 በመቶው ተግባር ነው፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው። ለአንተ ያ 70 በመቶ አብዛኛው የምታውቀውን ያለ ደመወዝ መሥራት ይሆንብሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ተከልክሏል። ያሉት ገና ለብዙ ዓመት ጋራዥ ይመላለሳሉ፣ አትስጋ። ግን ከስልጠናዎቹ አንዱን ብቻ የመምረጥ ዕድል ቢኖርህ ኤሌክትሪኩን ምረጥ።

ቦታውን ስትፈልግ ደግሞ «ፖሊ» ብለህ ባጃጅ እንዳትይዝ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ነው የሚያደርስህ፣ ሶቪየቶች ያቋቋሙት። አንተ የምትፈልገው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁን ነው።

ጋራዥ ያለው፣ ዓባይ ማዶ፦

መምህሩ ሁሉን ብለውታል። እኔ ባለቤት ሆኜ ለምን ወረቀት እንደምንጠይቅ ልንገርህ። ለጋራዡ የብቃት ማረጋገጫ ሲሰጥ ወይም ሲታደስ የሠራተኛ ማስረጃ ይታያል። ሙያህን ጠልተን አይደለም።

ሌላ። እስከዚያው ባጃጅ ላይ እጅህን አለማምድ። የከተማው ግማሽ ባጃጅ ነው የሚመስለው። ሞተሯ ትንሽ ናት፣ አትከብድህም። ፍሬንም አላት።

እናት ዓለም ከሹም አቦ፦

ካፒቴን ወንድሜ፣ እኔ ስለ ብድሩና ስለ መደራጀቱ ልንገርህ፤ ቀምሼዋለሁና።

ዕድሜህን ጠይቃ ወረቀቷን የሰበሰበችው ልጅ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንዱን አስባ ይሆናል። በ2009 የወጣው፣ 10 ቢሊዮን ብር የተባለለት። እሱ ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ነው። አንተ አልፈኸዋል፣ እኔም አልፌዋለሁ። ግን ያ አንድ ፈንድ ነው። ስልጠናውም ምዘናውም በእሱ አይዘጋም። ሲሉህ «የትኛው ነው ለወጣቶች?» ብለህ ጠይቅ። ዝም ብለህ አትውጣ።

ብድር ከሆነ የድሮው አብቁተ፣ የአሁኑ ፀደይ ባንክ አለ። በቡድን ስትበደር አንዱ ለሌላው ዋስ ነው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። እኛ በእንጀራና በባልትና ተደራጅተን ነበር። የተገናኘነው ዝርዝር ላይ ነው እንጂ ቀድሞ አንተዋወቅም። ሁለቱ ብሩ እንደወጣ ጠፉ። ዕዳውን የቀረነው ከፈልነው። አንዷ አሁንም ፋሲሎ ገበያ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ስለዚህ ተደራጅ ቢሉህ እሺ በል፣ ሰዎቹን ግን አንተ ምረጥ። ወደብ ላይ አብረውህ የኖሩ፣ ጠባያቸውን የምታውቃቸው። ቁጥር ለመሙላት ስም የሚያመጡልህን እምቢ በል። ሼድ ቢሰጣችሁ እንኳ ከማይስማሙ ሰዎች ጋር ሼዱ መጣያ ነው የሚሆነው።

እኔ ብሆን ደግሞ ብድሩን ከወረቀቱ በኋላ አደርገው ነበር። ሲኦሲ ይዘህ ተቀጥረህ ብትሠራ የጋራዡን ገበያ ታውቀዋለህ። ምን ዕቃ እንደሚገዛ፣ ምን እንደሚያተርፍ። ያኔ መበደር ሌላ ነው።

ሴፍቲኔቱ ከምታስበው የተለየ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከክልላችን የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች። ባሕር ዳር በሁለተኛው ነው የገባችው። የሚመረጡት በየሰፈሩ በጣም የተቸገሩ ቤተሰቦች ናቸው። መንገድ ያጸዳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ከሚከፈላቸው ላይ ይቆጥባሉ፣ መጨረሻ ላይ መቋቋሚያ ያገኛሉ። ጎረቤቴ በእሱ ነው ሻይ ቤት የከፈተችው። ላንተ አይመስለኝም። ሥራ የሌላቸው ወጣት ልጆች ካሉህ ግን የሥራ ልምምድ የሚባል ክፍል አለው፤ ጠይቅላቸው።

ካፒቴኑ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ያላገኘሁትን ነው የነገራችሁኝ።

መምህር፣ ፍሬን ያሉት ነገር አሳቀኝም አስደነገጠኝም። ጀልባ ለማቆም ሞተሩን ወደኋላ ነው የምናስገባው። ሌላ አላውቅም። ትልቋ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ሰነዱን እሷ ታነብልኛለች፣ ደስ ብሏታል። «አባዬ አስጠናሃለሁ» እያለች ነው ቤቱን የምትበጠብጠው።

ቢኒ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ኮዲንጉን ግን ለአንተ ትቼልሃለሁ።

እናት ዓለም እህቴ፣ ዝርዝር ላይ የመጡ ስሞችን አልቀበልም። አራት ልጆች ወደብ ላይ አሉ፣ አብረን የበላን የጠጣን። ወረቀቱ ሲገኝ አነጋግራቸዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለምዘናው የሥራ ልምድ ማስረጃ ቢሉኝ ማን ይጽፍልኛል? የሠራሁላቸው ባለጀልባዎች የግል ሰዎች ናቸው። ማህተም ያለው የለም። አንዱም ሞቷል።

የጥገና መምህር፦

የባለጀልባዎች ማህበር አላችሁ አይደል? ማህተም አለው። እነሱ ይጻፉልህ። «ለረጅም ጊዜ አብሮን ሠርቷል፣ ጠባዩ መልካም ነው» የሚል ደብዳቤ ግን አይጠቅምህም። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራህ፣ የምን ሞተር እንደምትጠግን፣ ምን ምን እንደምትፈታና እንደምትገጥም ይዘርዝሩልህ። ከመጻፋቸው በፊት ምዘና ማዕከሉ ሄደህ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚቀበሉና ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ሁለት ጊዜ እንዳታስጽፋቸው። ፋይዳህን ያዝ። ጎን ለጎን የሥራ ፈላጊ ምዝገባህንም ጨርስ፤ ለእሱ ክፍያ የለም፣ የሚጠይቅህ ካለ አትስጥ።

የፍሬኑን ለብቻ ጻፍልኝ፣ በውስጥ መስመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዎርክሾፕ አካባቢ አለሁ።